ጌሾ የበዛበት ጠላ

የማርያም ማኅበር ተራዬ የደረሰው ባለቤቴ ወደ ሰሜን ከዘመተ ስምንት ወር ሲሆነው ነው። ዓባይ ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ብቻዬን እኖር ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ፋብሪካ ፈትል ክፍል እውላለሁ፤ እሑድ ቀበሌ ስብሰባ ይጠራናል፤ ስብሰባው ሲቀር የልማት ሥራ አለ። ድካሜ በእንቅልፍ የሚወጣ አልነበረም። ጧት ስነሳም እግሬ እንደ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል።

«ተራሽን እኛ እናውጣልሽ» ያሉኝ ማኅበርተኞች ነበሩ፤ እምቢ አልሁ። ተራውን ብተው ባለቤቴ አይመለስም ብዬ ያመንሁ መሰለኝ።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነውና ጠላ መጥመቅ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። የዘጌ ሰው ናቸው፤ የሞቱት ባላቸው መሪጌታ ነበሩ። አንድ ልጃቸውን ብሔራዊ ውትድርና ወስዶባቸዋል።

«ጌሾ መጀመሪያ ከጥንስሱ ጋር ይገባል» ብለውኛል። «ኋላ ቂጣውን ስትጨምሪ ትንሽ ትደግሚዋለሽ። ከበዛ ግን የሚጠጣው አይገኝም።»

ቂጣውን ቆራርሼ ጋኑ ውስጥ በከተትሁ ማግሥት ከሥራ ስመለስ፣ የተወቀጠ ጌሾ ሰፌድ ላይ አየሁ። ረስቼዋለሁ ብዬ አንዱንም ሳላስቀር ገለበጥሁት። ጎረቤቴ ሊያዩልኝ መጥተው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«ልጄ፣ ከቂጣው ወዲህ ጌሾ ስንት ጊዜ ነው የጨመርሽው?»

«አንድ ጊዜ፣ እትየ» አልሁ። እንዳልሁት ትናንት ትዝ አለኝ፤ ሻሼ ላይ የተጣበቀው ጥጥ ጋኑ ውስጥ እንዳይረግፍ አንገቴን አዙሬ ጌሾውን ከቂጣው ጋር ስጨምር። ሰፌዱ ላይ ያየሁት ትራፊውን ነበር። እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልሁ። ማልቀስ እንኳ ደከመኝ።

«ልድፋው?»

«እህል አይደፋም። ለሁለት ጋን እንከፍለውና ብቅልና አሻሮ እናክልበታለን፤ ይለዝባል።»

አሻሮ ነበረኝ፤ ብቅል ግን አልቆብኛል። አብቅሎ ለማድረቅ ሳምንት ይፈጃል፤ ማኅበሩ ደግሞ ቀርቧል። እሳቸው ወጡና አንድ ሙሉ ቅል ብቅል ይዘው ተመለሱ። አወቅሁት። ልጃቸው የሚመጣ ዕለት ሊጠምቁለት ያስቀመጡት ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ሲያሰጡት አይ ነበር።

«እትየ፣ ይሄማ የልጅዎ ነው» አልሁ።

«የልጄ ነው። እያሰጣሁ እያስገባሁ እኔም ደከመኝ። ሊነቅዝ ነው።» ቅሉን አስያዙኝ። «ሲመጣ ሌላ አበቅላለሁ። በይ ተነሺ፣ ሁለተኛውን ጋን እጠቢ።»

እኔ አጠብሁ፤ እሳቸው በወይራ አጠኑ። ድፍድፉን ከፍለን ብቅሉን ሲያፈሱበት ቀና ብዬ ማየት አፈርሁ።

የማኅበሩ ዕለት ጠላው መረር ቢልም ተጠጣ። ቄሱ ሲያሳርጉ «የዘመቱትን በሰላም ይመልስልን» አሉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። የጎረቤቴ ግን ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ከደመወዝ በኋላ መሸንቲ ገበያ ወርጄ በብቅላቸው ምትክ የሚበቅል ገብስ ገዛሁላቸው። ተቀብለው መረቁኝ፤ አልነከሩትም ግን። «ይቆይ» ይላሉ በጠየቅኋቸው ቁጥር። በክረምቱ ባለቤቴ አንድ እግሩን እየጎተተ መጣ። የእሳቸው ልጅ መርዶ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ደጃቸው ድረስ ሄዶ መግባት አቃተው፤ ከአጥሩ ሥር ቆሞ አለቀሰ። እሳቸው ናቸው ወጥተው እጁን ይዘው ያስገቡት።

ዓመቱን ሙሉ አልቆዩም፤ ዘጌ ወንድማቸው ዘንድ ሊኖሩ ዕቃቸውን ሸከፉ። ሐይቁ ዳር ድረስ ሸኘኋቸው። ጀልባው ሰው እስኪሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። የከሰዓት ፈረቃ ነበረብኝና ጀልባው ሳይነሳ ጉልበታቸውን ስሜ ሄድሁ።