የአራስ ቤት መስኮት

የሺዋስ ላዳውን ከሚስቱ አብልጦ ይወዳል እየተባለ አቃቂ በሰቃ ላይ ሲታማ ኖሯል። ሐሜቱ ውሸት ነው፤ እኩል ነው የሚወዳቸው። ዕድሜውን በሙሉ ታክሲ የነዳ ሰው ነው፤ አንዲት ልጁን ሮዳስን ያስተማራትም የዳራትም በዚችው ላዳ ነው። ቤንዚን ጠፍቶ ሰልፉ ከማደያው አልፎ መንገዱን ሲይዝ፣ እሱ እንደ ጓደኞቹ እየተራገመ አልተሰለፈም። ሞተሯን አውጥቶ ጣለና በኤሌክትሪክ አስኬዳት።

የኤሌክትሪኩን ሞተር የነቀለው ካረጀ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነው። ባትሪዎቹን ደግሞ ቁራሌዎች ዘንድ አገኘ፤ ኒኬል ካድሚየም የሚባሉ፣ የብረት ሳጥን የለበሱ፣ የድሮ ከባድ ባትሪዎች። እንደ ተራ የመኪና ባትሪ ቶሎ አይሞቱም፤ ውሃቸው እየተጨመረ ከተያዙ ባለቤታቸውን ይቀብራሉ። የሺዋስም ይህን እየነገረ ሰፈሩን አሰለቸው።

ጡረታ የወጡት የባቡር ኤሌክትሪሺያን ጋሽ ኦላና ግን አይተው አልሳቁለትም።

«ይሄ ነገር ሲሞላ ይተነፍሳል፣ የሺዋስ» አሉት። «ትንፋሹ አይታይም፣ አይሸትም። ተዘግቶበት ከተጠራቀመና እሳት ካየ ግን ጣሪያ ያነሳል። ሜዳ ላይ ሙላው። ቤት ካስገባኸውም መስኮት ክፈትለት።»

«እሺ ጋሽ ኦላና፣ እርስዎ እንዳሉት አደርጋለሁ» አለ።

ቃሉን ጠብቆም ነበር፣ ሌባ እስኪመጣ ድረስ። የጎረቤቱ የሙሀመድሁሴን አይሱዙ ባትሪው ተነቅሎ ካደረ ወዲህ የሺዋስ እንቅልፍ አጣ። ከሥራ ሲገባ ባትሪዎቹን እያወረደ በጋሪ ወደ ጓዳ ማስገባት ጀመረ። ጓዳውን ከመኝታ ክፍሉ የሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ እሱም ጣሪያ አይደርስም። ለሁለቱም ያለቻቸው አንዲት መስኮት ናት። እሷን ከፍቶ ይሞላ ነበር፤ ብርዱን በጋቢ እየቻሉ ያድራሉ።

ኋላ ሮዳስ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድና እናቷ ቤት ልትታረስ መጣች። ባሏ ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ ገቢ ነው፤ ማን ያርሳታል? ወንድ ልጅ ወለደች። እናቷ አቻምየለሽ ከሐኪም ቤት እንደገቡ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ መስኮቱን ዘጋችው። ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቀችው። አራስ ነፋስ አይነካትም፤ ከነካት ምች ይመታታል።

«ለባትሪው ትንሽ አየር ቢገባ ደግ ነበር» አለ የሺዋስ፣ በልምምጥ።

«ለባትሪህ ብለህ ልጄን ምች ልታስመታ? ከዚህ ቤት የሚወጣ ካለ እሱ ነው!»

ያን ጊዜ እውነቱን ቢነግራት ምን ነበረበት? ባትሪዎቹን በገዛ እጇ እየጎተተች ደጅ እንደምትጥላቸው ያውቃል፤ ደጅ ካደሩ ደግሞ ሌባ ይወስዳቸዋል። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ይሻላል፤ ይኼኛው ገደሉን አይቶ ነው የጋጠው። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ ቀረ። ሕፃኑ ጡት ጠብቶ ሲተኛ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ የባትሪዎቹ ፍልቅልቅታ ይሰማል። ሮዳስ «ልጄን የሚያስተኛልኝ የአባዬ ባትሪ ነው» እያለች ትቀልድ ነበር። የሺዋስ ቀልዱን በሰማ ቁጥር ነገ አንድ ዘዴ እፈልጋለሁ ይላል። ወጥ ቤቱ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ቤት ውስጥ እሳት የሚጭር የለም ብሎ ራሱን ያጽናናል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝበት በጊዜ ገብቶ ባትሪዎቹን ሰካ። ሊመሽ ሲል፣ ደጅ የላዳዋን ኮፈን ከፍቶ ሽቦ ሲያጠብቅ ሰፈሩ ባንዴ ጨለመ። መብራት ጠፋ። የቻርጀሩ ድምፅ ቀጥ አለ። «ደግሞ ጀመሩ» ብሎ ሊራገም አፉን ሲከፍት የተዘጋው መስኮት ትዝ አለው። ከሰዓቱን ሙሉ ሲፈላ የዋለው ትንፋሽ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። የስልክ መብራትም የላቸውም፤ ያለችውን አንድ ሶኬት የያዘው የእሱ ባትሪ ስለሆነ ስልኮቹ ሞተው ውለዋል።

ወደ በሩ ሲሮጥ አቻምየለሽ ከጎረቤት ስትመለስ አያት። ክብሪት ጠፍቶባት ቀድማ ወጥታ ኖሮ፣ ከጎረቤቷ ከራውዳ ቤት የበራ ሻማ ይዛ፣ በመዳፏ ከልላ፣ ወደ አራሷ እየተጣደፈች ነው። ደረሰባትና ሻማውን እፍ ብሎ አጠፋው።

«አበድክ እንዴ፣ አንተ ሰውዬ? አራስ በጨለማ ትቀመጥ?»

«ቤቱ ጋዝ ሞልቶታል!» አለ፣ ክንዷን ጨብጦ። «እሳት ካየ ይፈነዳል። ልነግርሽ ፈርቼ ነው። መስኮቱን... መስኮቱን ልክፈተው፣ አንቺ እነሱን አውጪ!»

ሻማው ከአቻምየለሽ እጅ ወደቀ። ባሏን ሳይሆን ቤቱን ነበር የምታየው። ሁለቱም ወደ በሩ ተንደረደሩ።

«እማዬ፣ በጨለማ አትንከራተቺ!» አለች ሮዳስ ከውስጥ። «ክብሪቱ እዚሁ ትራሴ ሥር ነው ያለው፣ አገኘሁት!»

«አትጫሪው!» ብሎ የሺዋስ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ሕፃኑ ግን ጨለማው አስደንግጦት ማልቀስ ጀምሮ ነበር፤ የአያቱ ጩኸት በልቅሶው ተዋጠ።