እትዬ ቬሊካ ድስቱ ዳር ሳለች

ይቅርታ አድርጉልኝ። መጻፍ የሌሎች ሥራ ነው፤ እኔ ስሜን ከመፈረም ብዙም ያለፍኩ ሰው አይደለሁም። የእትዬ ቬሊካን ነገር የሚጽፍላት ሌላ ስላልተገኘ ነው የደፈርኩት። ከተሳሳትኩ እለፉኝ።

ቬሊካ ጎረቤቴ ናት። ምንጣፍ የሚሠሩ የመንደራችን ሴቶች ፈትላቸውን የሚያስነክሩት እሷ ዘንድ ነው። ቀዩን ከጓሮዋ ከምትቆፍረው ሥር፣ ቢጫውን ከሽንኩርት ልጣጭ፣ ቡናማውን ዋልነት ከሚባለው ዛፍ ፍሬ ልጣጭ ታወጣለች። ከዱር የሚለቀመውን የሚያመጣላት ባሏ ጽቬትኮ ነበር። «እኔ የሚስቴ አህያ ነኝ» ይል ነበር ጆንያውን ተሸክሞ ሲያልፍ።

በኛ አገር ቀይ ሲነከር ድስቱ ዳር ይዋሻል። ውሸቱ በገነነ ቁጥር ቀለሙ ፈትሉን አጥብቆ ይይዛል ይባላል። ምላደን የሚባል ጎረቤት አለን፤ በዚህ የሚስተካከለው የለም። አንድ ጊዜ ቄሱ ጺማቸውን ተላጩ ብሎ መንደሩን ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን አስሩጧል።

ያን ቀን ድስቱ ሞቆ፣ ፈትሉ ገብቶ፣ እኛ ሴቶች ከበን እንስቃለን። ምላደን እየሮጠ ገባ።

«እትዬ ቬሊካ! ጽቬትኮ ከዋልነቱ ዛፍ ወደቀ! ነይ!»

«እሰይ! ዛሬስ ቀዩ ያዘ!» አለች እያማሰለች።

«በእናቴ አፅም እውነቴን ነው! እየጠራሽ ነው!»

«ምነው ዛሬስ ቀዘዘብህ? ክንፍ አውጥቶ በረረ ብትል አይሻልም?» አለችው አንዷ።

እንባው ወረደ። «ውይ፣ ማልቀስም ለምዷል እኮ!» አለች ሌላዋ።

በማለ ቁጥር ሳቁ ባሰ። ቢጨንቀው ድስቱን በእግሩ ገፍቶ ገለበጠው። ቀዩ ውሃ ግቢውን ሞላው። በኛ ዘንድ ለቀልድ ብሎ የቀለም ድስት የሚነካ የለም። ያኔ ሳቁ ቆመ። ቬሊካ ማማሰያውን እንደያዘች ሮጠች።

ስንደርስ ጽቬትኮ አልፏል። እጁ ገና ይሞቃል። አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ «ቬሊካ መጣች ወይ? እያለ ነበር» አሏት። ምናለ ባይነግሯት። አላለቀሰችም። «ድስት ጥጄ ነበር» አለችው፣ ምሳ አዘግይታበት ይቅርታ የምትጠይቀው ይመስል።

ምላደን ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ቀድሜ ድስቱን ብገለብጠው ኖሮ ይላል አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቬሊካን ዛፉ ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። ጽቬትኮ ያራገፈውን ዋልነት እየለቀመች አረንጓዴ ልጣጩን በጣቶቿ ታላቅቃለች። የልጣጩ ቀለም እጅ ላይ ከያዘ በሳሙናም አይለቅም።

«እትዬ፣ ተይው በሞቴ፤ እጅሽ ጠቆረ። ዛሬ ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ያይሻል» አልኳት።

«ይየኝ» አለች።

የቀረውን ለቅማ ጨረሰች። ከዚያ ምላደን በር ሄዳ አንኳኳች፤ ሲከፍትላት በዚያው በጠቆረው እጇ ክንዱን ይዛ ወደ ቀብሩ ወሰደችው።