ከሙከራ በፊት ማበጠሪያ

ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ ያለው ሰውዬ አርብ ከሰዓት የካ አባዶ ደረሰ። ሰደርያው ጀርባ ላይ «ከመብረቅ የፈጠነ ኢንተርኔት» ይላል። ፊደል በስተርጅና የቆጠሩት እማማ ዓለሚቱ አንድ በአንድ እየለቀሙ አነበቡና፣ «መብረቁስ በየት በኩል ዞሮ መጣ?» አሉት።

«መንገዱ ተዘጋግቶ ነው፣ እማማ» አለ፣ ምንም ሳያፍር።

የድሮው ኢንተርኔት ደመና ባንዣበበ ቁጥር ስለሚጠፋ ነው ልጃቸው በአዲስ ይቀየር ያለችው። ሰውዬው ግድግዳውን በስቶ ቀጭን የፋይበር ገመድ አስገባ፤ ገመዱን የሰካባት ትንሽ ሳጥን ላይም አረንጓዴ መብራት በራ። እማማ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነበር። እሱ ግን ፊቱን ታጠበ፤ ከኪሱ ማበጠሪያ አውጥቶ ፀጉሩን አበጠረ፤ ሰደርያውን አውልቆም ከሳሎኑ መጋረጃ ፊት ቆመ።

«አሁን ሙከራ ነው» አለ፣ ስልኩን ፊት ለፊቱ ይዞ።

«ለሙከራም ይኳኳሉ? የድሮው እንኳ ይህን ያህል ክብር አይጠይቅም ነበር።»

ስልኩ ላይ የፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ብቅ አለች። «አባዬ! ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ነህ? የትናንቱ መጋረጃ ቢጫ ነበር!»

ሰውዬው ደነገጠ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ። አያትሽን እንዳታስቸግሪ» ብሎ ቶሎ ዘጋና ወደ እማማ ዞረ። «ይሠራል።»

እማማ ዓለሚቱ ሳጥኗን በጥርጣሬ አዩአት፤ ወንበርም ሳቡለት።

«እኔ አላመንኩትም። ቁጭ በልና ደህና አድርገህ ሞክረው። መብረቅ ነው ብለህ ደግሞ አትቸኩል።»