ለስማዳዋ እናት የተሠራች ጄት

ንፋስ መውጫ ሻይ ቤት፣ አንድ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ውሃ በሳህን አስመጣና ወረቀት ነከረበት። እብድ መስሎኝ ነበር! ወዲያው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ክብ ሥዕል ከወረቀቱ ተላቆ ሲንሸራተት «በስመ አብ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ቁጭ በል ወንድሜ፣ አስማት አይደለም፤ ውሃ ሲነካው የሚላቀቅ የአየር ኃይል ምልክት ነው» አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ከጉያው መዳፍ የምታህል የጦር ጄት አወጣ። ትንፋሹን ይዞ ሥዕሉን ክንፏ ላይ ለጠፈው፤ በመሀረቡም ጫን ጫን አደረገው።

«ለልጅዎ ነው ጋሼ?»

«ለጓደኛዬ እናት ነው። ስማዳ ነው ያሉት።»

«እንዴት ደስ ይላቸዋል! ልጃቸው አብራሪ ነው?»

«ነበር። ነገ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ላረዳቸው ነው። አውሮፕላን በቅርብ አይተው አያውቁም። ‹ልጄ በምን ሞተ?› ሲሉኝ ምን ላሳያቸው?»