ጫማ የምትደብቀው ሰሚራ

መካነ ሰላም ላይ በአንድ እግር ጫማ ስዘል የዋልኩበትን ቀን ላጫውታችሁ።

እህቴ ዘሃራ ወንድ ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። ገንፎዬን ጥርግ አድርጌ በላሁና «አላህ ያሳድግልሽ!» ብዬ መረቅኩ። «አሚን» አለች፣ ልጁን ዞር ብላም ሳታየው። ልወጣ ስል በር ላይ ካወለቅኩት ኮንጎ ጫማዬ አንዱ የለም!

«ሰሚራ ናት፣ ጋሽ እንድሪስ!» አለች ጎረቤቷ። ሰሚራ የዘሃራ የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ ገና አራት ዓመቷ። «ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ ሸይጧን ሰፍሮባታል። የእንግዳ ጫማ ትደብቃለች። ሼሁ እንኳ ባለፈው በአንድ እግር ነው የሄዱት! ቅናት ነው እኮ!»

ወደ ቤቴ ወደ አቀስታ የሚመልሰኝ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ቤቱንም ግቢውንም ሳስስ አራስ ጥየቃ የመጡት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ድሮ ገና አፌን ስከፍት የምትስቀው ዘሃራ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ጫማዬን ከገብስ ጆንያ ውስጥ አገኘሁት። የሼሁም ሸበጥ እዚያው ተኝቷል!

«አንቺ ቀማኛ! በአንድ እግር ሂድ ነው የምትይኝ?» ብዬ ሰሚራን ጆሮዋን ያዝ አደረግኩ።

«አትሂድ ነው የምልህ» አለች። «እማ ሰው ሲሄድ ታለቅሳለች።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዘሃራ ዞር ብላ ልጇን አየቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ለዚህ ለቅሶሽ ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን፣ እህቴ» አልኳት። «ዛሬ ግን የትም አልሄድም።»

ሁለተኛውንም ጫማዬን አውልቄ ለሰሚራ ሰጠኋት።

«በይ ይቺንም ደብቂያት!»