የአምስተኛው አልጋ እጀታ

ሳይክል ጠጋኙን ሰፈሩ ቡሎን ይለዋል፤ አጭር፣ ድፍን፣ አንዴ ከያዘ የማይላላ። ሐኪሙ ጉበቱ ላይ ሎሚ የሚያህል ካንሰር እንዳለ ሲነግረው ስለ ሞት አልጠየቀም። "ይፈታል?" አለ።

ይፈታል፤ ግን ቶሎ ከሆነ ነው። ሁለት ወር ካለፈ ቢላዋ አይረዳም ተባለ። ቡሎን የመንግሥት ሆስፒታል ገብቶ ተኛ። ሦስት ጊዜ ቀን ተቆረጠለት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳይበላ ካደረ በኋላ ቀዶ ጥገናው ተሰረዘበት። ጉበቱ የተቆረጠ ሰው የሚያገግመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት አልጋዎች አራት ናቸው፤ አራቱም ሁልጊዜ እንደተያዙ ነው።

ሲለቀቁም የሚለቀቁት ሰው ላለው ነው። የአንዱ አጎት ስልክ ይደውላል፣ የሌላዋ አማች ቢሮ ይገባል። ቡሎን ሰው የለውም። ያለችው ባለቤቱ ናት፤ እሷም ከመለመን መጮህ ይቀናታል።

አንድ ቀን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አምስተኛ አልጋ ቆሞ አየ። የራስጌው ማንሻ ተበልቷል። የጥገና ቅጹ ተሞልቶ ፊርማ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቡሎን አሮጌ የሳይክል ሰንሰለት፣ ሁለት ጥርሳም ክብ ብረትና አንድ የፔዳል ክንድ እንድታመጣለት ባለቤቱን አዘዛት። በምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ጥበቃው ከፍቶ ሲያፈጥ፣ ባሌን ብረት አንሶታል አሉት ብላው አለፈች።

በሦስተኛው ቀን አልጋው ራሱን ቀና አደረገ። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ቡሎንን መርቃ አልጋውን ወደ ክፍሏ አስገባች፤ ወዲያው ግን ለአንድ ባለ አጎት ሊሰጥ ሆነ። ያኔ ራስጌው አልነሣ አለ። የሚዞርበት እጀታ፣ ያ የፔዳል ክንድ፣ የለም።

ሲስተሯ ቡሎን ፊት ቆመች።

"አባት፣ እጀታው የታለ?"

ከብርድ ልብሱ ሥር ጫፉን ብቻ አሳያት።

"እዚህ ቤት ሁሉም የራሱ ሰው አለው። የኔ ሰው ይሄ ነው።"

ሌባ ብላው ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ ሳቁን በሳል ሸፍኖ መዝገቡን አስመጣ። ተራው የቡሎን ነበር፤ ከሆነም ሦስት ሳምንት አልፎታል። ባለ አጎቱ ወደ ሐሙስ ተዛወረ፤ ቡሎን ማክሰኞ ጠዋት ገባ።

አምስት ሰዓት ፈጀ። የጉበቱ ሲሶ ወጣ። ሲነቃ አምስተኛው አልጋ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ሐኪሙ ራስጌው ከፍ ይበል ብሎ አዟል።

"እጀታውን ይስጡኝ" አለች ሲስተሯ።

"ጫማዬ ውስጥ ነው።"

ጫማው የለም። ባለቤቱ እንዳይሰረቅ ብላ በዘንቢሏ ከትታ፣ በአውቶቡስ ቤቷ ወስዳዋለች። ሲስተሯ ትራስ በትራስ ላይ ደረበችለት።

"ሰውዎ ቤት ሄዷል" አለችው።

ሊስቅ ሲል ስፌቱ ያዘው።

በማግስቱ ባለቤቱ እጀታውን ይዛ በር ላይ ደረሰች። የጠያቂ ሰዓት ገና ነበር። ሲስተሯ እጇን ዘረጋች፤ ሴትዮዋ ግን እጀታውን ወደ ደረቷ መለሰችው። መጀመሪያ ባሌን ልየው አለች። አስገቧት።

አሁን ሦስት ዓመት ሆኖታል። በየስድስት ወሩ ይመረመራል፤ ሎሚው እስካሁን አልተመለሰም። እጀታው ከአልጋው ጋር በሰንሰለት ተቆልፏል፣ ቁልፉ ሲስተሯ አንገት ላይ ነው። ቡሎን ለምርመራ በመጣ ቁጥር ጎራ ብሎ ሰንሰለቱን ይነቀንቃል። ላልቶ እንደሆነ ለማየት ነው ይላል። ሲስተሯ አታምነውም።