በይሉኝታ የተቆለፈ ቁምሳጥን

አዳነ ማለት፦ የመርሳ ከተማ ነዋሪ፣ በሙያው የወልድያ መስመር ሚኒባስ ሾፌር፣ ቤቱን በግድግዳ፣ ግድግዳውን በቁምሳጥን፣ ቁምሳጥኑን ደግሞ በይሉኝታ የዘጋ ሰው ነው። መንገድ የዘጋበትን ባጃጅ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚረግም አንደበት ተሰጥቶታል፤ ከመኪናው ሲወርድ ግን አንደበቱ መሪው ላይ ይቀራል።

ቁምሳጥኑ እንደ ድሮው ተገፍቶ የሚነሳ ዓይነት አይደለም። ከወልድያ የመጣ አናጺ ከወለል እስከ ኮርኒስ ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የቸነከረው ነው። ያለቀ ሰሞን አዳነ ሰፈርተኛውን እየጠራ ሲከፍትና ሲዘጋ፣ ሚስቱ አሰለፈች ሙዚየም የከፈቱ መስሏት እንደነበር ለሰው ሁሉ ታወራለች።

ክረምቱ ሲገባ ቁምሳጥኑ መሽተት ጀመረ። የክረምት ነው ተባለ። ክረምቱ ወጣ፣ ሽታው ቀረ። በኅዳር አሰለፈች ለልጃቸው ለብሌን ሠርግ የተገዛውን ካባ ልታናፍስ ብታወጣው፣ ጫፉ ላይ ሻጋታ እንደ ተጨማሪ ጥልፍ ተሰክቶበት አገኘችው። ሠርጉ ደግሞ ለጥር ነበር።

አዳነ የቁምሳጥኑን የጀርባ ኮምፔርሳቶ ጣውላ ፈልቅቆ ግድግዳውን ዳሰሰ። ከታች በኩል ርሷል። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቱ የአብዱልሐሊም ግቢ ነው፤ ልክ እዚያው ሥር አብዱልሐሊም ተቀምጦ ለሶላት ውዱእ የሚያደርግበት ድንጋይ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ አዛን በተሰማ ቁጥር የአዳነ ጆሮ ይቆማል፤ ማዶ ውሃው ሲንቆረቆር በራሱ ልብ ላይ የሚፈስ ይመስለዋል።

ምን ብሎ ይናገር? አብዱልሐሊም የአዳነ አባት በሞቱ ጊዜ ከዘመድ ቀድሞ ድንኳን የተከለ ጎረቤት ነው። ሰው በአምላኩ ፊት ሊቆም የሚታጠብበትን ውሃ፣ ልብስ አሻገተብኝ ብሎ መክሰስ በየትኛው አፍ? ቁምሳጥኑን ላንሳው ቢል ግድግዳው አብሮ ይነሳል። ልተወው ቢል ሠርጉ ይመጣል። አንዳንዴ በሩን ከፍቶ ከተሰቀሉት ልብሶች ፊት ለፊት ይቆማል፤ ከውስጥ የተቆለፈበት እሱ ይመስል።

ስለዚህ አፉን ትቶ እጁን አሠራ። ከሰል በሳህን አድርጎ ከካባው ሥር አኖረ። ጨውም ሞከረ፤ እሱ በሳምንቱ ሟሙቶ መሳቢያው ውስጥ ፈሰሰ። ግድግዳው ላይ የቀባው የዘይት ቀለም ተነፋፍቶ ሲላጥ አሰለፈች ታግሣ ታግሣ፣ «ይህን ሁሉ ከሰል ከምትፈጅ ሁለት ቃል ብትፈጅ ምን አለ?» አለችው።

እሑድ ከሰዓት ወደ አብዱልሐሊም ሊሄድ ተነሳ። የሚናገረውን ከወልድያ መርሳ ሲመላለስ ሲያጠናው ከርሟል። አብዱልሐሊም ግን በሰላምታና በዱዓ ተቀብሎ አስቀመጠውና፣ አዳነ ጉሮሮውን ሲጠርግ ወደ ጓዳ ገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ጀለቢያ ጭኑ ላይ አኖረለት።

«ለብሌን ሠርግ ያሰፋሁት ነው» አለ። «እዚህ የልጅ ልጆቹ አያስተርፉልኝም። ያንተ ቁምሳጥን ቁልፍ አለው፤ አደራ።»

አደራ ከተባለ በኋላ ምን ቃል ይወጣል? አዳነ ጀለቢያውን ታቅፎ ተመለሰ።

«ነገርከው?» አለች አሰለፈች ከበሩ።

«ጨመረልኝ» አለ።

የራሱን ኮት አስወጥቶ ጀለቢያውን ደረቅ በሚለው ጥግ ሰቀለው፤ ጧትና ማታም እንደ ታማሚ ይጎበኘው ጀመር። ሳምንቱ ሳይሞላ ከታችኛው ጠርዙ ላይ አንዲት ግራጫ ነጥብ አየ። ለካባው ያልተቆጣ ሰው ጀለቢያውን ከመስቀያው ነጥቆ ወጥቶ ማዶ ግቢ ገባ። አብዱልሐሊም ማንቆርቆሪያውን ይዞ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

«ከዚህ ተነሳ!» አለው፣ ባጃጅ በሚረግምበት ድምፅ። «ውሃው ግድግዳዬን አልፎ ጀለቢያህን ሊያበሰብስብህ ነው።»

አብዱልሐሊም ጠርዙን አገላብጦ አየ።

«የብሌንስ ካባ?»

«እሱማ ከኅዳር ጀምሮ ነው።»

«ከኅዳር ጀምሮ!» አብዱልሐሊም ተነስቶ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገና ከግቢው ሌላ ጥግ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር አደረሰው። «አብሽር፣ ለጥር ይደርቃል» አለ። ከዚያም ግራ እግሩ ቀርቶት ነበርና፣ ቁጭ ብሎ መታጠቡን ቀጠለ።